ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮና ቁልቁለት፦ መኪና ማርሽ ለምን አስፈለገው?

ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ የሚያደርሳችሁ ጉዳይ ካለ አንድ ትንሽ ሙከራ ሞክሩ። ዓይን አያስፈልግም፤ ጆሮ ይበቃል። ጭነት የያዘ ከባድ መኪና ከቆመበት ሲነሳ ድምፁ ከፍ እያለ ይሄድና ድንገት ዝቅ ይላል። ደግሞ ከፍ ይላል፣ ደግሞ ዝቅ። ዝቅ ያለበትን ጊዜ ቁጠሩ፤ እያንዳንዱ አንድ የማርሽ ቅያሪ ነው። ሙሉ ጭነት የያዘ ሲኖትራክ ከሆነ ጥቂት መቶ ሜትር ሳይሄድ አራት አምስት ጊዜ ትሰማላችሁ። አሁን ደግሞ ከምኒልክ አደባባይ ተነስቶ ቃሊቲ የሚያበቃውን የከተማ ባቡር፣ ሲያልፍ ካገኛችሁት፣ አዳምጡት። ከቆመበት ተነስቶ እስኪፈጥን ድረስ ድምፁ አንድም ጊዜ አይቆረጥም።

ሁለቱም ከባድ ናቸው። ሁለቱም የተነሱት ከዜሮ ነው። ታዲያ አንዱን ለምን ማርሽ አስፈለገው? ሌላውስ እንዴት ያለ ማርሽ ቻለ?

አቃቂ ቃሊቲ ለዚህ ጥያቄ የተመቸ ቦታ ነው። የቃሊቲ ጉምሩክ እዚህ ነው፤ ከጅቡቲ የሚመጣው ጭነት በብዛት የሚገባው በዚህ በኩል ነው፤ የአዳማው የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው ከቱሉ ዲምቱ ነው። ጋራዡ፣ መጋዘኑ፣ ፋብሪካው ሁሉ መኪና ይጠብቃል። ብዙዎቻችሁም ዛሬ ነገ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት «ለማጅ» የተለጠፈበት መኪና ላይ ትወጣላችሁ። አሰልጣኙ «ፍሪሲዮን ያዝ፣ ማርሽ አስገባ፣ ቀስ ብለህ ልቀቅ» ይላችኋል። ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። ለምን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይነግራችሁም። ይህ ጽሑፍ ስለ ለምኑ ነው። ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይለምዳል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሕይወቱን ሊያተርፍለት ይችላል።

ሞተር በጣም ዝግ ማለት አይችልም

የቤንዚን ሞተር አንድ ትልቅ ድክመት አለው፤ ከዜሮ መነሳት አይችልም። ፒስተኖቹ አየር ስበው፣ ጨምቀው፣ አቃጥለው፣ ጭሱን አስወጥተው ዑደቱን ለመድገም መዞር ላይ መሆን አለባቸው። ቆሞ እያንኮራኮረ ያለ ሞተር በደቂቃ 800 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ከዚያ በጣም ከወረደ ይንቀጠቀጥና ይጠፋል። ወደ ላይም ወሰን አለው፤ የተለመደ የቤት መኪና 6,000 ዙር አካባቢ ሲደርስ ይበቃዋል።

እስቲ ሞተሩ ያለ ምንም ማርሽ በቀጥታ ከጎማው ጋር ቢታሰር ምን እንደሚሆን እናስላ። የትንሽ መኪና ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 1.9 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሞተሩ እያንኮራኮረ በደቂቃ 800 ጊዜ ቢዞር፣ መኪናው በደቂቃ 1,520 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ይህ በሰዓት 91 ኪሎ ሜትር ነው! ነዳጅ ሳትሰጡ፣ ገና ሞተር እንደተነሳ 91። ከዚያ በታች መሄድ ብትፈልጉ ሞተሩ ይጠፋል። በሰው በተጨናነቀው የሳሪስ መንገድ እንዲህ ያለ መኪና ይዞ መውጣት አይታሰብም።

ስለዚህ በሞተሩና በጎማው መካከል ዙሩን የሚቀንስ ነገር ያስፈልጋል። ብዙ ትንንሽ መኪኖች በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ 14 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ተደርገው ይሠራሉ። አሁን ያው 800 ዙር በሰዓት 6.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ቸኩሎ የሚራመድ ሰው ፍጥነት ማለት ነው። ለመነሳት ይሄ ይበቃል። ግን በዚሁ ማርሽ ሞተሩ 6,000 ዙር ሲደርስ መኪናው 49 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ አይሄድም። እንግዲህ ሌላ ማርሽ፣ ከዚያም ሌላ ያስፈልጋል። በአምስተኛ ማርሽ ሞተሩ 3.2 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ቢዞር፣ ያው የማንኮራኮር ዙር 28 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሰጣል። ከዚያ በታች አምስተኛ ላይ ከቆያችሁ መኪናው መርገፍገፍ የሚጀምረው ለዚህ ነው።

ካምቢዮ ማለት ምንዛሪ ነው

መካኒኮቻችን የሚጠቀሙባቸው ብዙ ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ሁለቱ ሳይንሱን በውስጣቸው ይዘውታል። «ፍሪሲዮን» በጣሊያንኛ ሰበቃ ማለት ነው። «ካምቢዮ» ደግሞ ልውውጥ ነው፤ ጣሊያኖች ገንዘብ መመንዘርንም በዚሁ ቃል ይጠሩታል።

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም። የሞተሩን ኃይል እንደ አንድ ትልቅ ብር አስቡት። ካምቢዮው ብሩን አያበዛውም፤ ይመነዝረዋል። በአንድ በኩል ፍጥነት፣ በሌላ በኩል የመግፋት ጉልበት ይሰጣችኋል። ፍጥነት ቀንሳችሁ ከወሰዳችሁ ጉልበት ይበዛላችኋል፤ ፍጥነት አብዝታችሁ ከወሰዳችሁ ጉልበቱ ይቀንሳል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አብዝቶ የሚሰጥ ካምቢዮ የለም። (እንዲያውም በሰበቃ ትንሽ ኮሚሽን ይቆርጣል።)

በቁጥር እንየው። ሞተሩ 130 ኒውተን ሜትር የማዞር ጉልበት ቢኖረው፣ አንደኛ ማርሽ 14 ጊዜ ያባዛውና ጎማው መሬቱን በ6,000 ኒውተን ያህል ይገፋል። አምስተኛ ላይ ግን 1,390 ኒውተን ብቻ ነው የሚደርሰው። ያው ሞተር፣ ያው ነዳጅ፣ ያው ዙር። ልዩነቱ ምንዛሪው ላይ ነው።

ሲኖትራክ ብዙውን ጊዜ 10 ወደፊት የሚሄዱ ማርሾች ያሉት ለዚህ ነው። ከባድ ጭነት ይዞ ለሚነሳና የናፍጣ ሞተሩ ብዙ ዙር ለማይወድ መኪና፣ ምንዛሪው በጣም ዝርዝር መሆን አለበት።

ቃሊቲ ጅቡቲ አይደለችም

እዚህ ላይ የእኛ አገር የራሱ ጉዳይ ይመጣል። አቃቂ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። እንጦጦ ጫፍ ላይ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ ከደቡብ ወደ ሰሜን ስትሄዱ ወደ 1,000 ሜትር ትወጣላችሁ ማለት ነው።

ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ሞተር ደግሞ ነዳጅ ብቻ ሳይሆን አየርም ይበላል። ተርቦ የሌለው ሞተር አቃቂ ላይ የሚስበው አየር በባሕር ጠለል ከሚስበው በ20 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው፤ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ይህ ተራ ቁጥር እንዳይመስላችሁ አንድ ዳገት እንውሰድ። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር የሚያወጣ ዳገት ላይ 1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና በ1,180 ኒውተን ያህል ወደ ኋላ ይሳባል። የጎማው መንከባለል ሌላ 150 ይጨምርበታል። በድምሩ 1,330። አሁን ቅድም ያገኘነውን አስታውሱ፤ አምስተኛ ማርሽ በባሕር ጠለል 1,390 ኒውተን ይሰጣል። ስለዚህ ይህ መኪና ጅቡቲ ላይ ያንን ዳገት በአምስተኛ ለጥቂት ይወጣዋል። አቃቂ ላይ ግን 20 በመቶው ሲቀነስ 1,110 ብቻ ይቀረዋል፤ አይወጣም። ሦስተኛ ማርሽ ቢገባ 1,800 ያህል ስለሚያገኝ ሳይቸገር ይወጣል።

እንግዲህ ዳገት ላይ «መኪናው ደከመ» ሲባል መኪናው ላይታመም ይችላል። ከመጽሐፉ ይልቅ ቀደም ብሎ ማርሽ መቀነስ የሚጠይቀው አየሩ ነው።

ግራ እግር ምን እየሠራ ነው?

ማርሽ ገብቶም አንድ ችግር ይቀራል። መኪናው ቆሟል፤ ጎማው ዙሩ ዜሮ ነው። ሞተሩ ደግሞ 800 ላይ ነው። አንዱ የቆመ፣ ሌላው የሚሮጥ፤ እንዴት ይገናኙ? በአንድ ጊዜ ብታጋጥሟቸው ወይ መኪናው ይዘላል ወይ ሞተሩ ይጠፋል። የለማጅ መኪና ሁለቱንም ያደርጋል፤ ዘልሎ ይጠፋል።

የፍሪሲዮን ሥራ ይህን ማስታረቅ ነው። ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞር፣ መካኒኮች ቮላኖ የሚሉት ከባድ ብረት አለ። ፊት ለፊቱ ሸራ የተለጠፈበት ሳህን የመሰለ ዲስክ አለ፤ እሱ የታሰረው ከካምቢዮው ጋር ነው። ጠንካራ ስፕሪንግ ሁለቱን አጣብቆ ይይዛቸዋል። ፔዳሉን ስትረግጡ ስፕሪንጉ ይላቀቅና ይለያያሉ። ቀስ ብላችሁ ስትለቁ ደግሞ ሸራው ቮላኖውን መንካት ይጀምራል፤ መጀመሪያ እየተንሸራተተ፣ ከዚያ እየያዘ፣ በመጨረሻ አንድ ሆነው ይዞራሉ።

ለማጅ ሁሉ የሚፈልገው ያን የመሀል ቦታ ነው፤ ፍሪሲዮኑ መያዝ የሚጀምርበትን። እዚያ ስትደርሱ የሞተሩ ድምፅ ትንሽ ይከብዳል፣ የመኪናው አፍንጫም በትንሹ ብድግ ይላል። እግራችሁን ለሁለት ሰከንድ ያህል እዚያው አቁሙት። «ቀስ ብለህ ልቀቅ» የሚለው ትእዛዝ ከላይ እስከ ታች እኩል ቀስ በል ማለት አይደለም። መጀመሪያውን ቶሎ፣ መሀሉን ቀስ፣ መጨረሻውን እንደገና ቶሎ ማለት ነው። በባጃጅም ሕጉ ያው ነው፤ እዚያ ፍሪሲዮኑ በግራ እጅ የሚጨበጥ ከመሆኑ በስተቀር።

ሰበቃ ግን ነጻ አይደለም፤ ሙቀት ያመጣል። ለመነሳት ብቻ ሁለት ሰከንድ ከሆነ የሚፈጠረው ሙቀት ትንሽ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ትራፊክ በተጨናነቀበት ዳገት ላይ ፍሬን ሳይይዙ፣ በፍሪሲዮንና በነዳጅ ብቻ መኪናውን አንድ ቦታ አንሳፎ ማቆም ሲለመድ ነው። ያንኑ 10 በመቶ ዳገት ወስደን ሞተሩ 1,300 ዙር ላይ ነው ብንል፣ ሸራው ላይ በየሰከንዱ የሚፈጠረው ሙቀት 3,400 ዋት ገደማ ይሆናል። ይህ ለኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ የሚቀርብ ነው። ምጣዱ ግን ሰፊ ነው፤ የፍሪሲዮኑ ሸራ የምግብ ሳህን ያህል ብቻ ነው፣ ያውም በብረት ሽፋን ውስጥ ተዘግቶ። ዳገት ላይ አልፎ አልፎ የሚሸታችሁ የተቃጠለ ሽታ ምን እንደሆነ አሁን ገብቷችኋል። ሶማሌ ተራ ሄዶ አዲስ የፍሪሲዮን ሸራ የገዛ ሰው ዋጋውንም ይነግራችኋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዳገት ላይ ስትቆሙ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ ግራ እግራችሁን አሳርፉ። ስትነሱ አንደኛ አስገቡ፣ ፍሪሲዮኑ መያዝ እስኪጀምር ልቀቁ፣ አፍንጫው ብድግ ሲል የእጅ ፍሬኑን አውርዱ። መኪናው ወደ ኋላ አይሄድም፤ ከኋላችሁ የቆመው ሚኒባስም ጥሩምባውን አያስጮህም። (ይህን የመጨረሻውን ዋስትና ልሰጣችሁ አልችልም።)

ስትነዱም ግራ እግራችሁን ፔዳሉ ላይ አታሳርፉ። ቀላል ጫና እንኳ ስፕሪንጉን በከፊል ስለሚያላላ ሸራው ይንሸራተታል፤ ፔዳሉ የሚገፋው ኩሽኔታም ሳያርፍ ይዞርና ያልቃል።

ማርሽ ሲያንጫርር

ብዙ ሰው ማርሽ ሲቀየር ጥርሶቹ እየተላቀቁ በአዲስ የሚገጣጠሙ ይመስለዋል። በዛሬዎቹ ካምቢዮዎች ወደፊት የሚወስዱት ጥርሶች ሁልጊዜ እንደተያያዙ ናቸው። የሚንቀሳቀሰው አንዱን ወይም ሌላውን ጥርስ ከዘንጉ ጋር የሚያስር ቀለበት ነው። ከማሰሩ በፊት የሁለቱ ዙር እኩል መሆን አለበት። እኩል የሚያደርገው ትንሽ የነሐስ ቀለበት ነው፤ ሾጣጣ ቅርጽ አለው፣ እሱም የሚሠራው በሰበቃ ነው። ካዲላክ ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1928 ገበያ ላይ ከማቅረቡ በፊት ሾፌሮች ዙሩን በጆሮና በእግር ራሳቸው ያስተካክሉ ነበር።

ያ ትንሽ ቀለበት ጊዜ ይፈልጋል። እጃችሁ ቸኩሎ ከገፋው ወይም ፍሪሲዮኑ በደንብ ካልተረገጠ ያንጫርራል። ኋላ ማርሽ ደግሞ በብዙ መኪኖች ይህ ቀለበት የለውም። ስለዚህ መኪናው ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ኋላ ማርሽ አታስገቡ።

ገፍቶ ማስነሳት

«ኑ ግፉልኝ!» የሚል ጥሪ ሰምቶ የማያውቅ የሰፈር ልጅ የለም። ባትሪው ሲደክም ማንዋል መኪና በግፊት የሚነሳው ለምንድን ነው? ምንዛሪው በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚሠራ ነው። ሞተር ጎማን እንደሚያዞር ሁሉ፣ ጎማም ሞተርን ያዞራል።

በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ 7.6 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል ብንል፣ ሦስት አራት ጎረምሶች በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ሲገፉት፣ ሾፌሩ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ሞተሩ በደቂቃ 530 ጊዜ ያህል ይዞራል። ለመነሳት ይበቃዋል። ሁለተኛ እንጂ አንደኛ ማርሽ የማይመረጠው፣ አንደኛ ላይ ጎማው ሞተሩን ለማዞር የሚከፍለው ጉልበት በጣም ስለሚበዛ መኪናው ድንገት ተጎትቶ ስለሚቆም ነው። አውቶማቲክ መኪና በዚህ መንገድ አይነሳም። ጎማውንና ሞተሩን የሚያገናኘው በግፊት ውስጥ ያለ ዘይት ነው፤ ግፊቱን የሚሰጠው ፓምፕ ደግሞ የሚሠራው ሞተሩ ሲነሳ ነው።

ይህን ነጥብ ያዙት፤ ጎማ ሞተርን ያዞራል። ቀጥሎ ያለው ጉዳይ በሙሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው።

«ፍሬን በጠሰ» ሲባል ምን ተበጠሰ?

ስለ ከባድ የመኪና አደጋ ስንሰማ ብዙ ጊዜ «ፍሬን በጥሶ» የሚል ቃል አለበት። ቃሉ አንድ ሽቦ ወይም ቱቦ የተበጠሰ ያስመስላል። እንደዚያ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ምንም ሳይበጠስም ፍሬን እምቢ ሊል ይችላል። ምክንያቱ ሙቀት ነው።

ከቃሊቲ መጋዘኖች ጭኖ ወደ ጎጃም የሚሄድ መኪና የዓባይን በረሃ ማቋረጥ አለበት። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ድረስ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ 1,400 ሜትር ያህል ይወርዳል። ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ሲወርድ የሚለቀው ኢነርጂ 550 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። ይህ አቃቂ ላይ ከ1,700 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍላት ይችላል፤ ከ8 በርሜል በላይ ማለት ነው። አየሩና የጎማው መንከባለል ጥቂቱን ይወስዱታል። የቀረው የሆነ ቦታ መሄድ አለበት።

በሙሉ ወደ ፍሬኑ ቢሄድስ? የሁሉም ጎማ የፍሬን ብረት ተደምሮ 500 ኪሎ ነው እንበልና አየር ጨርሶ አያቀዘቅዘው እንበል። የብረቱ ሙቀት ከ1,900 ዲግሪ በላይ ይጨምራል። ብረት የሚቀልጠው 1,538 ዲግሪ ላይ ነው! በእርግጥ አየር ስለሚያቀዘቅዘው እዚያ አይደርስም። ግን ከዚያ በጣም ቀድሞ፣ በጥቂት መቶ ዲግሪዎች፣ ነገሮች ይበላሻሉ። ሸራው የመያዝ አቅሙን ያጣል። ከበሮ መሰሉ ብረት በሙቀት ስለሚሰፋ ከሸራው ይሸሻል። በዘይት በሚሠራ ፍሬን ደግሞ ዘይቱ ይፈላና አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ስለሚጨመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሄዳል። ሾፌሩ የሚረግጠው ፍሬን አለ፤ ግን አይይዝም።

ሞተሩ እዚህ ላይ ነው የሚያድነው። መኪናው በዝቅተኛ ማርሽ ላይ ሆኖ ነዳጅ ሳይሰጠው ሲወርድ ጎማው ሞተሩን ያዞራል። ሞተሩ አየር ለመሳብና ለመጭመቅ ጉልበት ይበላል፤ ያን ጉልበት የሚከፍለው ቁልቁለቱ ነው። ብዙ ከባድ መኪኖች በተጨማሪ የጭስ ማውጫውን የሚዘጋ መቆጣጠሪያ አላቸው፤ ሞተሩ የታፈነውን አየር ሲገፋ መኪናውን የበለጠ ይይዘዋል። ልዩነቱን በገንዳ ልመስለው። ፍሬን ሙቀት የሚያጠራቅም ገንዳ ነው፤ ሲሞላ ይፈሳል። ሞተር ግን ራዲያተርና ጭስ ማውጫ አለው፤ ሙቀቱን በየጊዜው እያፈሰሰ ለረጅም ጊዜ መሥራት ይችላል።

ደንቡ አጭር ነው፤ ዳገቱን በምትወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ። ማርሹ የሚገባው ደግሞ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው። ለምን ሳይጀመር? ያቺን የነሐስ ቀለበት አስታውሱ። መኪናው አንዴ ከፈጠነ በኋላ ሁለተኛ ልታስገቡ ብትሞክሩ የዙሩ ልዩነት ከቀለበቷ አቅም በላይ ይሆናል። ከላይኛው ማርሽ አውጥታችኋል፣ የታችኛው እምቢ ብሏል፤ መሀል ቁልቁለት ላይ በዜሮ ማርሽ ቀራችሁ ማለት ነው።

በዜሮ ማርሽ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል?

ይህን ምክር ከስንት ሾፌር ሰምታችኋል? «ቁልቁለት ላይ ዜሮ አድርገው፣ ነዳጅ ይቆጥብልሃል።» የሚመስል ነገር አለው፤ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ይላልና። ሆኖም በኤሌክትሮኒክስ ነዳጅ የሚረጭ ሞተር ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ማርሽ ላይ ሆናችሁ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ፣ ጎማው ሞተሩን ስለሚያዞርላችሁ መኪናው ነዳጅ መርጨቱን ጭራሹን ያቆማል። ዜሮ ስታደርጉ ግን ሞተሩን የሚያዞረው ስለሌለ እንዳይጠፋ ነዳጅ መርጨት ይጀምራል። ቁጠባ ያላችሁት ወጪ ሆነ። ድሮ የተሠሩት ባለ ካርቡራተር መኪኖች ነዳጁን እንዲህ አይዘጉም። በእነሱም ቢሆን የሚተርፈው ጥቂት ጠብታ ፍሬን ከማጣት ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ሞተሩን አጥፍቶ መውረድማ ከሁሉም የባሰ ነው። የፍሬኑን አጋዥና የመሪውን አጋዥ የሚያሠራው ሞተሩ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ፔዳሉ ይደርቃል፣ መሪው ይከብዳል።

የኤሌክትሪክ መኪና መጥቶ የለም እንዴ?

መጥቷል። በጥር 2016 ዓ.ም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አሳውቋል። ዛሬ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ድምፅ የሌላቸው መኪኖች እየበዙ ነው። እነዚህ መኪኖች ፍሪሲዮን የላቸውም፤ የሚቀያየር ማርሽም በአብዛኛው የላቸውም። ቅድም ያነሳነው የባቡሩ ምስጢርም ይኸው ነው።

የኤሌክትሪክ ሞተር ከዜሮ መነሳት ይችላል። እንዲያውም ከፍተኛውን የማዞር ጉልበት የሚሰጠው ገና ሲነሳ ነው፤ ከዚያም ከ10,000 ዙር በላይ ይሄዳል። ክልሉ በጣም ሰፊ ስለሆነ አንድ ቋሚ ምንዛሪ ይበቃዋል፤ ለምሳሌ ሞተሩ 9 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ። አየር ስለማይበላም የእንጦጦ ከፍታ አያደክመውም። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ጎማው ሞተሩን ሲያዞረው ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆንና ኢነርጂውን ወደ ባትሪ ይመልሳል። ዓባይ በረሃ ላይ በሙቀት የሚባክነው፣ እዚህ ለመልሱ ዳገት ስንቅ ይሆናል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለው፤ ባትሪው ከሞላ የሚቀበልበት ቦታ የለውም፤ ያኔ ሸክሙ ተመልሶ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

ታዲያ ማንዋል መማር ምን ያደርጋል? ውሳኔው ከውጭ የሚገባውን እንጂ መንገድ ላይ ያለውን አልነካም። ሚኒባሱ፣ አይሱዙው፣ ሲኖትራኩ፣ አሮጌው ኮሮላ አሁንም አሉ፤ በዚህ አገር መኪና ደግሞ ቶሎ አይጣልም። በአቃቂ ቃሊቲ የሾፌርነት፣ የመካኒክነት ወይም የጭነት ሥራ የሚፈልግ ወጣት ገና ለብዙ ዓመት ሦስት ፔዳል ይጠብቀዋል።

ለመለማመጃ አንድ ስሌት ልተውላችሁ። ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ ስትቀመጡ የፍጥነት መለኪያውንና የዙር መለኪያውን፣ ካለው፣ ተመልከቱ። መኪናው በሦስተኛ ማርሽ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቢሄድ፣ ጎማው በአንድ ዙር 1.9 ሜትር ቢሸፍን፣ ሞተሩ 5.2 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ቢዞር፣ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዞራል? ከ1,800 ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ካገኛችሁ ልክ ናችሁ። ከዚያ ቁልቁለት ሲመጣ የሾፌሩን ቀኝ እጅ ተከታተሉ፤ ማርሹን የቀነሰው ከመውረዱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?